የፍሬድ አስቴርን ዳንስ እንደ ዳንሰኛ እንዴት እንመልከተው?

የድሮ የሙዚቃ ፊልም ሲከፈት አብዛኞቻችን ዓይናችን የሚሄደው ፊት ላይ ነው። አሜሪካዊውን የሙዚቃ ፊልም ተዋናይ ፍሬድ አስቴርን ግን እንደዛ ካያችሁት ዋናው ነገር ያመልጣችኋል። ሰውየው መጀመሪያም ዳንሰኛ ነው። በ1905 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ገና ልጅ ሆኖ ከታላቅ እህቱ ከአዴል ጋር መድረክ ላይ ወጣ፤ ከ25 ዓመት በላይ አብረው ከጨፈሩ በኋላ እሷ በ1932 አግብታ ስትተወው ብቻውን ቀረ። በዓመቱ ፊልም ውስጥ ገባ። ያኔ 34 ዓመቱ ነበር።

መጀመሪያ ፊልሞቹን በቅደም ተከተል ያዙ። ከ«ፍላይንግ ዳውን ቱ ሪዮ» (1933) ጀምሩ። እዚያ ዋና ተዋናይ አይደለም፤ ግን እሱና የዳንስ አጋሩ ጂንጀር ሮጀርስ ግንባር ለግንባር ገጥመው ሲጨፍሩ ሌላውን ሁሉ ትረሳላችሁ። ከዚያ «ቶፕ ሃት» (1935)፣ ቀጥሎ «ስዊንግ ታይም» (1936)። ለመጀመሪያ ይበቃል።

አሁን አንድ ዳንስ ምረጡና ድምፁን አጥፉት። እግሩን ብቻ ሳይሆን ምስሉ የት ጋ እንደሚያልቅ እዩ። ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ሙሉ ሰውነቱ ይታያል። ካሜራው ስንት ጊዜ እንደሚቀያየርም ቁጠሩ፤ በጣም ጥቂት ነው። ይህን አጥብቆ የጠየቀው ራሱ አስቴር ነው። መድረክ ላይ ያደገ ሰው ስለሆነ ተመልካቹ ዳንሱን ሳይቆራረጥ እንዲያየው ፈለገ፤ ይህ ማለት ግን አንድ እርምጃ ከተበላሸ እንደገና ከመጀመሪያው መነሳት ነው። እኔ ከሥራው ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው ባይ ነኝ።

በሦስተኛው ዙር እሱን ተዉትና ጂንጀርን ተከተሉ። የ«ስዊንግ ታይም»ን የመጨረሻ ዳንስ በአንድ ቀን ከ40 ጊዜ በላይ ደጋግመው ቀርጸውታል፤ እግሯ ደምቷል። ይህን ይዛችሁ ፊቷን ተመልከቱ። ምንም አይታይባትም። በ«ቶፕ ሃት» ደግሞ የለበሰችው የላባ ቀሚስ ነው፣ ስትዞር ላባው እየረገፈ አስቴርን አስቸግሮታል፤ ልብ ብላችሁ ካያችሁ አየር ላይ ሲንሳፈፍ ታገኙታላችሁ።

መጨረሻ ላይ «ሮያል ዌዲንግ» (1951)ን ክፈቱ። ግድግዳው ላይ ወጥቶ ጣሪያው ላይ ይጨፍራል። መጀመሪያ እንዲሁ እዩት፣ ተደነቁ። ሚስጥሩ ክፍሉ ነው፤ እንደ በርሜል የሚሽከረከር ክፍል ተሠርቶ፣ ዕቃው በሙሉ በደንብ ታስሮ፣ ካሜራውና ካሜራማኑም ከክፍሉ ጋር አብረው ይዞራሉ። ስለዚህ ሁለተኛ ስታዩት ከወለል ወደ ግድግዳ የሚሻገርባትን ቅጽበት ጠብቁ። ክፍሉ ከሥሩ እየዞረ ነው፣ እሱ ሁልጊዜ የሚቆመው ታች ነው፣ እርምጃው ግን ከሙዚቃው ዝንፍ አይልም። እዚያች ጋ አቁማችሁ ወደ ኋላ መልሱና ድገሙት።