የደብረ ብርሃን ብርድ የለመደ ልጅ ካያክ ላይ ሲወጣ፦ የሮክፊሽ አጠማመድ ችግርና መፍትሄ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ገና ደብረ ብርሃን መጥቶ ነበር። አሁን ሚኖረው ኦሪገን ነው፣ እኔም እዛው የፓስፊክ ዳርቻ ላይ ብዙ ዓመት ኖሬ ካያክ (በመቅዘፊያ ሚሄድ ጠባብ ጀልባ) ላይ ተቀምጬ ሮክፊሽ ሚባል ዓሳ ሳጠምድ ከርሜ ነው የተመለስኩት፣ እና ልጁ ዘንድሮ ራሱ ሊጀምር መሆኑን ሰምቼ ስለ ልብስ ሳወራው "ጋሼ እኔ እኮ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ ብርድ ምን ያረገኛል" አለኝ። ዝም አልኩት። በማግስቱ ገና ፀሐይ ሳትወጣ ግቢ ያለው በርሜል ጋ ወሰድኩት፣ ላዩ ላይ እንደ መስታወት ስስ በረዶ ሰርቶ ነበር፣ በጣሳ ሰበርኩለትና እስከ ክንድህ ክተት አልኩት። 5 ደቂቃ ሞላሁ። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዛ መሳቁን ተወው፣ ከዛ ዝም አለ። ሰዓቱ ሲሞላ አንድ መንጠቆና ክር ሰጥቼው "እሰር" ስለው ጣቶቹ እንደ እንጨት ሆነው ክሩን እንኳ መቆንጠጥ አቃተው፣ "እሺ የጃኬትህን ዚፕ ዝጋ" ብለው እሱም አልሆነም። እናቱ ከማድቤት ወጥታ "ልጄን ልትገልልኝ ነው እንዴ!" ብላ ጮኸችብኝና ምድጃው ጋ ወስዳ አስቀመጠችው።

በርሜሉ ከባህሩ ይበርዳል፣ ልክ ነው። የኦሪገንና የዋሽንግተን ባህር በማርችና በኤፕሪል ከ8 እስከ 11 ዲግሪ አካባቢ ነው። ግን ባህሩ ውስጥ ሚገባው እጅህ ብቻ አይደለም። ለሱ በምድጃው ዳር የነገርኩትን ነው እዚህ ምጽፈው፣ እዛ ዳርቻ ያለ ሌላም የሸዋ ልጅ ስለማይጠፋ።

"ሙቀት ነበር፣ ቲሸርት ለብሼ ወጣሁ፣ ስወድቅ ግን ትንፋሽ አጣሁ"

ምክንያቱ አየሩን አይቶ መልበስ ነው። እኛ ሀገር ብርድ ማለት ነፋስና ውርጭ ነው፣ ጋቢ ደርበህ ፀሐይ እስክትወጣ ትጠብቃለህ፣ አለቀ። ውሃ ግን ሙቀትህን ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ነው ሚወስደው። እዛ ደግሞ የፀደይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፣ ከሰሜን ምዕራብ ሚነፍሰው ንፋስ የላዩን ውሃ ገፍቶ ከስር ያለውን ቀዝቃዛ ያወጣዋል፣ ስለዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ እየሞቀች ባህሩ ይብስ ይቀዘቅዛል። ልጆቹ ሚሸወዱት እዚህ ጋ ነው።

ስትወድቅ ሚሆነውን በቁጥር ያዙት፦ 1 ደቂቃ፣ 10 ደቂቃ፣ 1 ሰዓት። በመጀመሪያው 1 ደቂቃ ሳትፈልግ ትንፋሽህ ይቆራረጣል፣ ያኔ አፍህ ውሃ ውስጥ ከሆነ ውሃ ትስባለህ፣ ስለዚህ ምንም ሳትሞክር ላይፍ ጃኬቱ ላይ ተንሳፍፈህ ትንፋሽህ እስኪመለስ ብቻ ትጠብቃለህ። ቀጥሎ 10 ደቂቃ ያህል እጅህ ይሰራል፣ ካያኩ ላይ መመለስ ካለብህ በዚህ ጊዜ ነው። ብርዱ ራስህን ሚያስትህ ግን ወደ 1 ሰዓት ቆይቶ ነው። ማለትም ብዙ ሰው ሚሞተው በርዶት ሳይሆን ከዛ በፊት ተደናግጦ ወይ እጁ አልታዘዝ ብሎት ነው፣ የበርሜሉን ነገር ያሳየሁት ለዚሁ ነው።

መፍትሄው ድራይ ሱት ነው፣ ውሃ ማያስገባ ሙሉ ልብስ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ፣ ከካያኩም ሊበልጥ ይችላል፣ ገንዘብ ካነሰህ ግን ካያኩን ሰከንድ ሃንድ ግዛ እንጂ ከሱቱ ላይ አትቆጥብ፣ እሱም ካልሆነ ወፈር ያለ ዌት ሱት፣ ውሃ ቢያስገባም ሙቀት ሚይዝ የላስቲክ ልብስ። ላይፍ ጃኬት ደግሞ ተቆልፎ ሰውነት ላይ ነው ሚውለው፣ ከወንበር ኋላ ታስሮ አይደለም። በሬሳ ወንዝ ዳር ልብስ ሲታጠብ እያየን እንጂ ዋና እየተማርን ያደግን ሰዎች አይደለንም፣ ይሄን ማመን አያሳፍርም።

"ድራይ ሱት ለብሼም በረደኝ"

ሁለት ነገር እይ። አንደኛ ዚፑ እስከ መጨረሻው አልተዘጋም ይሆናል፣ ጫፍ ላይ ትንሽ ከቀረች ውሃው በዛች ይገባል፣ ወይ አንገትና እጅ አንጓ ላይ ያለው ላስቲክ ስር ሹራብ ወይ ጸጉር ገብቷል። ሁለተኛ፣ ይሄ ነው ብዙ ጊዜ ሚሆነው፣ ሱቱ ራሱ አያሞቅም፣ ውሃ ብቻ ነው ሚከለክለው፣ ሙቀቱ ከውስጥ ከለበስከው ነው። ልጁ ከውስጥ ጂንስና የጥጥ ሁዲ ሊለብስ ነበር። ጥጥ ላብም ይሁን ውሃ አንዴ ከነካው አለቀለት፣ ጋቢ ዝናብ ሲመታው ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ሱፍ ግን ረጥቦም ትንሽ ሙቀት ይይዛል፣ የመንዝ ሰው በዛ ጉምና ካፊያ ውስጥ ባና ደርቦ ከበግ ኋላ ሚውለው ወዶ መሰለህ? ባና ልበስ አላልኩም፣ ቀጭን የሱፍ ውስጥ ልብስ ወይ ፍሊስ። ካልሲም ሱፍ።

"ካያኩ ከበደኝ፣ ወደ ጎን ያዘነብላል"

ይሄ በኔ የደረሰ ነው። አንድ ጠዋት ስቀዝፍ እጄ ደከመኝ፣ እንቅልፍ ስላነሰኝ መሰለኝና ዝም ብዬ ቀጠልኩ፣ ከቆየ በኋላ ሰውነቴን ዞር ባረኩ ቁጥር ካያኩ ትንሽ ቆይቶ ይከተለኛል፣ ከሆዱም ቸልቅ ቸልቅ ሚል ድምፅ። ክዳኑን ስከፍት ውስጡ ግማሽ ባልዲ ሚሆን ውሃ! ለካ የውሃ መልቀቂያዋን ቡሽ መኪናው ላይ ትቻት ነው የወጣሁት። ውስጥ ያለ ውሃ አንድ ቦታ አይቀመጥም፣ ወዳዘነበልክበት ይሮጣል፣ ስለዚህ ትንሽ ማዘንበል ትልቅ ይሆናል፣ ለዛ ነው ሚገለብጥህ።

ከቡሹ ሌላ ምክንያት ካለ የክዳኑ ላስቲክ ደርቋል ወይም ወለሉ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ዙሪያ ስንጥቅ አለ፣ በተለይ አሸዋና ድንጋይ ላይ ምትጎትቱት ከሆነ። ቤት ሳላችሁ ውስጡን ውሃ ሞልታችሁ ከየት እንደሚያንጠባጥብ እዩ። ባህር ላይ ከሆነ ግን ምክንያት ፍለጋ አትቀመጡ፣ በእጅ ፓምፕ እያወጣችሁ ቀጥታ ወደ ዳር። ዓሳው ነገም አለ። ቡሿን አሁን ከመኪናው ቁልፍ ጋር ነው ማስራት፣ ቁልፉን ሳነሳ ቡሿም ትታየኛለች።

መገልበጡ ካልቀረ ደግሞ መመለሻውን ቀድማችሁ ሞቅ ባለ ሐይቅ ላይ ተለማመዱ፦ ካያኩን ማዶ ያለውን ጠርዝ ስባችሁ ትገለብጡታላችሁ፣ እግራችሁን እንደ ዋናተኛ እየመታችሁ በሆዳችሁ ትወጣላችሁ፣ ትዞሩና መቀመጫችሁ ይገባል፣ መጨረሻ እግር። ሆድ፣ መቀመጫ፣ እግር።

"ስወጣ ደህና ነበር፣ ስመለስ ማዕበሉ ጠቀለለኝ"

የማዕበሉን ቁመት ብቻ አንብበሃል። በስንት ሰከንድ እንደሚመጣም አንብብ፣ 2 ሜትር ሆኖ በ15 ሰከንድ ሚመጣው 2 ሜትር ሆኖ በ8 ሰከንድ ከሚመጣው በጣም ይበልጣል፣ ሩቅ ሆነህ አይታወቅህም፣ ዳር ሲደርስ ነው ሚነሳው። ከመውጣትህ በፊት ዳር ቆመህ 15 ደቂቃ እይ፣ ትላልቆቹ ተከታትለው ነው ሚመጡት። ጀማሪ ከሆንክ ግን ይሄን ሁሉ ተወውና ከወደብ ውስጥ ወይ ተራራ ከከለለው ጥግ ውጣ። ስትመለስ ዘንጎቹን አስተኝተህ እሰር፣ ጎንህን ለማዕበል አትስጥ።

"ዓሳ አይነካልኝም"

ሮክፊሽ አንድ ዓሳ አይደለም፣ በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ብቻ ከ60 በላይ ዓይነት አለው፣ ስሙ እንደሚለው ቋጥኝ ወዳጅ ነው። አሸዋ ላይ እየጣልክ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ብትውል አታገኝም። ሶናሩ (የባህሩን ወለል በድምፅ ሞገድ ሚያሳየው መሳሪያ) ላይ ወለሉ ተስተካክሎ ከታየህ ሂድ፣ እንደ መንዝ ገደል ወጣ ገባ ሲል ቁም፣ የኬልፕ (ረጅም የባህር አረም) ዳር ዳርም ጥሩ ነው። ሌላው፣ ብላክ ሮክፊሽ ሚባለው ብዙ ጊዜ ከወለሉ ከፍ ብሎ መሃል ውሃ ላይ ነው ሚንጋጋው፣ ልጆች ጂጉን (ክብደት ያለውን ማታለያ መንጠቆ) መሬት እስኪነካ ይለቁታል፣ ዓሳው ከበላያቸው ነው። በዚህ ወቅት ደግሞ ሰነፍ ነው፣ አነስ ያለ ጂግ በቀስታ አንሳ፣ ብዙ ጊዜ ሚነካው ሲወርድ ነውና ክሩን ሙሉ በሙሉ አታላላው።

"በጣልኩ ቁጥር ድንጋይ ይይዝብኛል"

ያው ቋጥኝ ላይ ነህ፣ ይይዛል። መሬት ሲነካ ወዲያው ሁለት ሦስት ዙር ጠቅልል። ነፋስ እየገፋህ ክሩ ወደ ጎን ከተጋደመ እርሳሱን (ክሩን ወደታች ሚያወርደውን ክብደት) አክብድ። እርሳሱን ከዋናው ደከም ባለ ክር ብታስረው ሲይዝ እሱ ብቻ ይበጠሳል፣ መንጠቆህ ይተርፋል። አደጋው ግን ሲይዝ ምታረገው ነው፣ በጎን በኩል አትሳብ፣ ክሩንም እጅህ ላይ አትጠምጥም፣ ሲበጠስ ወደ ማዶ ይዞህ ነው ሚሄድ። ዘንጉን ቀጥታ ወደ ክሩ አነጣጥረህ ሪሉን (የክሩን መጠቅለያ) በእጅህ ያዝና ማዕበሉ ራሱ ካያኩን ሲያነሳው ይበጥስልህ።

"ዓሳው ዓይኑ ፈጦ፣ አፉ ውስጥ ፊኛ መሳይ ነገር ይዞ ወጣ፣ ስለቀው ይንሳፈፋል"

አልሞተም። ሸዋ ሮቢት የገዛችሁት ቺፕስ ጣርማ በር ስትደርሱ ላስቲኩ ምን እንደሚሆን አይታችኋል አይደል፣ ሊፈነዳ ደርሶ ጥብብ ይላል። ዓሳውም እንደዛው ነው፣ ሆዱ ውስጥ አየር የያዘ ከረጢት አለ፣ 30 ሜትር ላይ ያለው ግፊት ላይ ካለው 4 እጥፍ ነው፣ ወደ ላይ ስትስበው አየሩ ይነፋና ጨጓራውን በአፉ ይገፋዋል። ሲንሳፈፍ ትተኸው ብትሄድ የባህር ወፍ ይበላዋል። ያን ፊኛ መሳዩን ነገር በቢላ ሚወጉ አሉ፣ ጨጓራውን ነው ሚወጉት፣ አታርጉት።

መፍትሄው መልሶ ማውረድ ነው። ከንፈሩን ቆንጥጣ ከእርሳስ ጋር ወደታች ምታወርድ መሳሪያ አለች፣ የተያዘበት ጥልቀት አካባቢ ስትደርስ ትለቀዋለች፣ ግፊቱ ሲመለስ ዓሳውም ይመለሳል። ኦሪገንና ዋሽንግተን ጀልባ ላይ መያዟ ግዴታ ነው፣ ካያክም ጀልባ ነው። እጃችሁ ስር ተዘጋጅታ ትጠብቅ እንጂ ዓሳው ጭን ላይ እየተንፈራገጠ ከሳጥን ውስጥ ፍለጋ አይጀመርም። በተለይ ብርቱካናማ ቀይ ሆኖ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ የሎው አይ ሮክፊሽ ነው፣ እዛ ዳርቻ ላይ ማስቀረት ክልክል ነው፣ ከ100 ዓመት በላይ ሚኖር ፍጡር ነው፣ ምናልባት አያቶቻችን ሳይወለዱ እዛ ድንጋይ ስር የነበረ ሽማግሌ። የሲያትል ልጆች ደግሞ ስሙኝ፣ ፒውጀት ሳውንድ (ሲያትል ዳር ያለው የባህር ሰርጥ) ውስጥ ምንም ዓይነት ሮክፊሽ ማስቀረት አይቻልም፣ ወደ ውጪው ባህር መሄድ ነው፣ እዛም ወቅት አለው፣ ደንቡ ስለሚቀያየር ከየጉዞው በፊት እዩ።

(እህቴ ይሄን ሁሉ ስትሰማ ቆይታ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ "ግን እኮ ሁዳዴ ነው ያኔ፣ ዓሳ ይበላል እንዴ?" እሱን ለንስሐ አባታችሁ ትቻለሁ። ፍሪዘር ፋሲካን መጠበቅ ይችላል።)

"እጄን ወጋኝና አበጠ"

የጀርባው እሾህ ቀለል ያለ መርዝ አለው። መቻል እስከቻላችሁት ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ቆዳ ማይልጥ ይሁን እንጂ። እብጠቱ ከጨመረ ወይ ትንፋሽ ካስቸገረ ሐኪም ቤት።

"አቅለሸለሸኝ"

አንገትህን ደፍተህ ሶናር እያየህ ነው። ቀና በልና ዳርቻውን እይ፣ መንጠቆ ማሰሩን ቤትህ ጨርሰህ ውጣ። ዝንጅብል ለአንዳንዱ ይሰራል።

"በድንገት ጉም ሸፈነኝ"

ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ሾፌሩ መብራት አብርቶ፣ ጡሩምባ እየነፋ፣ የመንገዱን ጠርዝ እያየ ነው ሚሄደው። ባህር ላይ ጠርዝ የለም። ዳርቻው በየት በኩል እንደሆነ ርግጠኛ ነኝ ምትለው ነገር አይሰራም፣ እኔ አንዴ ቀጥ ብዬ ወደ ዳር እየቀዘፍኩ መስሎኝ ኮምፓሴን ሳይ ወደ ጃፓን ነበር ምሄደው። ገና ስትወጡ ከዳር የወጣችሁበትን አቅጣጫ በኮምፓስ ያዙ፣ ጂፒኤስ ቢኖራችሁም፣ ባትሪ በብርድ ቶሎ ይሞታል። ፊሽካ ላይፍ ጃኬቱ ላይ፣ ውሃ ማያስገባ ቪኤችኤፍ ሬዲዮም እዛው ደረት ላይ ይታሰር፣ የአደጋ ጥሪ ቻናል 16 ነው። ሬዲዮው ካያኩ ላይ ከታሰረ ስትወድቁ ከካያኩ ጋር ነው ሚሄደው። ጉሙ ሩቅ ላይ እንደ ግድግዳ ቆሞ ካያችሁት ደግሞ ደርሶ እስኪሸፍናችሁ አትጠብቁ፣ ክሩን ጠቅልላችሁ ያኔውኑ ተመለሱ።