አለርጂያችሁ የሚነሳው ከቤት ነው ከውጭ? እንዴት መለየት ይቻላል

እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ሰውን ሁሉ ቤት ሲያስቀምጥ መኪናም ከመንገድ ጠፋ። በብዙ ትልልቅ ከተሞች ላይ ከመኪና ጭስ ማውጫ የሚወጣው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ መቀነሱ ከሳተላይት ሳይቀር ታየ። አየሩ ጠራ። አለርጂ ያለበት ሰው ሁሉ ግን አልተሻለውም፤ አንዳንዱ እፎይ ሲል ሌላው ቤት በዋለ ቁጥር ማስነጠሱ ባሰበት። እናንተ ከየትኛው ወገን እንደሆናችሁ ማወቅ ትችላላችሁ፣ ያም ብዙ ስቃይ ይቀንስላችኋል።

መጀመሪያ ይህን ያዙ። ዛፍና ሣር በዚያ ጊዜም የአበባ ብናኛቸውን እንደወትሮው በትነዋል። የቀነሰው ጭሱ ነው። ጭስ የአፍንጫንና የአየር ቧንቧን ሽፋን ይጎዳል፣ የናፍጣ ጥቀርሻ ደግሞ ሰውነት ለብናኙ የሚሰጠውን ምላሽ ያባብሳል፤ ስለዚህ ያው ብናኝ ጭስ በበዛበት መንገድ ላይ የበለጠ ሊያስቸግራችሁ ይችላል። (ሁሉም በካይ አልቀነሰም፤ ኦዞን የተባለው ጋዝ በአንዳንድ ከተሞች እንዲያውም ጨምሮ ነበር።)

አሁን ወደ ሥራው። ለሁለት ሦስት ሳምንት ማስታወሻ ያዙ። መቼ አስነጠሳችሁ፣ የት ነበራችሁ፣ መስኮት ክፍት ነበር ወይ፣ ቤት ተጠርጎ ነበር ወይ? ጠዋት ገና ስትነቁ አፍንጫችሁ ከተደፈነ መጀመሪያ አልጋችሁን ጠርጥሩ። ሜዳና ዛፍ ያለበት ስትሄዱ ዓይናችሁን የሚያሳክካችሁ ከሆነ ብናኝ ሳይሆን አይቀርም። መኪና የሚበዛበት መንገድ ዳር ብቻ ከሆነ ደግሞ ጭሱ ሳይሆን አይቀርም።

ቀጥሎ መኝታ ቤት ግቡ። እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፣ በቀን ስንት ሰዓት ፊታችንን ትራስ ላይ አድርገን እንደምንተኛ አስቡት። ፍራሽና ትራስ ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ ከሰው ቆዳ የሚረግፈውን ቅርፊት የሚበሉ የአቧራ ተባዮች አሉ። አለርጂ የሚያስነሳው በዋናነት ኩሳቸው ነው። አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ውሃ እጠቡ፤ ቀዝቃዛ ውሃ አይገድላቸውም። እርጥበት ይወዳሉ፣ ስለዚህ የክፍሉ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ቢሆን ጥሩ ነው። ግድግዳ ላይ ሻጋታ ካለም የሚረጥበውን ቦታ አስጠግኑ፣ ማጽዳት ብቻውን አይበቃም።

በረኪናም አለ። በኮቪድ ጊዜ ብዙ ሰው ቤቱን በበረኪና አጥለቀለቀው፣ ሽታው ግን የአየር ቧንቧን ያስቆጣል። መስኮት ከፍታችሁ በትንሹ ተጠቀሙ፣ ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ።

ውጭ ስትወጡ ማስክ አድርጉ። የአበባ ብናኝ አብዛኛው ከ10 ማይክሮን (ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ) ይበልጣልና ተራው ማስክ እንኳ ብዙውን ይይዛል፣ የጭሱ ጋዝ ግን ያልፈዋል። ለጋዙ የሚበጀው መኪና የማይበዛበትን መንገድ መምረጥ ነው። ደረቅና ነፋሻ ቀን መስኮት ዝጉ፣ ወደ ቤት ስትመለሱ ልብስ ቀይሩ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ፀጉራችሁን ታጠቡ።

ሁሉንም በአንድ ቀን አትቀይሩ፣ የጠቀማችሁ የትኛው እንደሆነ አታውቁምና። አስም ካለባችሁ ደግሞ አየሩ ጠራ ብላችሁ በገዛ እጃችሁ መድኃኒት እንዳታቆሙ፤ ትንፋሽ ካጠራችሁ ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት ሂዱ። ማስታወሻውንም ይዛችሁ ሂዱ፣ አለርጂውን የሚለይ የቆዳ ምርመራ ከታዘዘላችሁ የአለርጂ ኪኒን ከስንት ቀን በፊት መቆም እንዳለበት አስቀድማችሁ ጠይቁ።