አሮጌ መኪናችሁ ስንት ዘይት ትጠጣለች?

ነገሩ የጀመረው ለገና ወደ ደብረ ማርቆስ ስንሄድ ነው። መኪናዋ የአባቴ የነበረች ዲኤክስ ናት። ቶዮታ ኮሮላ፣ ባለ 1300 ሞተር፣ ዕድሜዋ ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጣል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ወረድን፤ ድልድዩን ተሻግረን እስከ ደጀን ያለውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ወጣችው። ደጀን ላይ ሻይ ልንጠጣ ቆምን። ሞተሩን ሳላጠፋ ዳሽቦርዱን ሳይ፣ ያቺ ማሰሮ የምትመስለው ቀይ የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ነዳጅ ረገጥ ሳደርግ ትጠፋለች፤ ስለቅ ትመለሳለች።

ዘይት የጎደለ መሰለኝ። አጥፍቼ፣ ትንሽ ጠብቄ ለካሁ። ሙሉ ነው።

ጥፋቱ የእኔና የወንድሜ ነበር። ወንድሜ ከዱባይ ለእረፍት መጥቶ “እኔ ለራሴ መኪና የማደርገው ይሄንን ነው” ብሎ ውድ የሆነ ሙሉ ሲንቴቲክ 5ደብልዩ-30 ገዛልኝ። ዘይቱ ምንም አይወጣለትም። የተሠራው ግን ለእሱ መኪና እንጂ ለአባቴ ዲኤክስ አይደለም።

በጀሪካኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች እንዲህ ናቸው። ከ“ደብልዩ” በፊት ያለው ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ ይናገራል፤ ባነሰ ቁጥር በብርድ የተሻለ ይፈስሳል። 15ደብልዩ የሚባለው ዘይት ሞተር የማስነሳት ፈተናውን የሚወስደው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ነው፣ 5ደብልዩ ደግሞ ከዜሮ በታች 30 ላይ። የአዲስ አበባ የታኅሣሥ ሌሊት የቱንም ያህል ቢያንቀጠቅጠን እዚያ አይደርስም። ስለዚህ እኛን ይበልጥ የሚመለከተን ሁለተኛው ቁጥር ነው። እሱ ዘይቱ በ100 ዲግሪ፣ ማለትም ሞተሩ በደንብ ሲግል፣ ምን ያህል ውፍረት እንደሚኖረው ያሳያል። ብዙ የሠራ ሞተር ውስጥ በብረትና በብረት መካከል ያለው ክፍተት በመበላት ሰፍቷል። ቀጭን ዘይት ሲግል በዚያ ክፍተት ቶሎ ያመልጣል፤ ፓምፑ ግፊት መያዝ ያቅተዋል። ደጀን ላይ መብራቷ ስትነግረኝ የነበረው ይሄንን ነው። (እናንተ ላይ መብራቷ እየነዳችሁ በርታ ከቀረች ግን ዳር ይዛችሁ ወዲያው አጥፉ። “ጋራዥ እስክደርስ” ብሎ ነገር የለም።)

ደብረ ማርቆስ ስደርስ አንድ ጋራዥ ገባሁ። ሜካኒኩ ሳያቅማማ “20ደብልዩ-50 አድርግበት” አለኝ። ከላዩ ላይ ደግሞ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጥ ማወፈሪያ ሊጨምርልኝ ፈለገ። ማወፈሪያውን እንቢ አልኩ፣ 50ውን ተቀበልኩ። መብራቷ ጠፋች። አዲስ አበባ ስመለስ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ጠዋት ሳስነሳት ላይኛው የሞተሩ ክፍል ለጥቂት ሰከንድ ጠቅ ጠቅ ይላል። ወፍራሙ ዘይት በብርድ እላይ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጅበታል ማለት ነው። በመጨረሻ የሰፈርኩት 15ደብልዩ-40 ላይ ነው፤ ጠዋትም ደህና ትነሳለች፣ ሲግልም መብራት የለም።

ከዚህ የወሰድኩት ልምድ አንድ ነው። ከምታደርጉት ዘይት ላይ አንድ ደረጃ ብቻ ውጡ፤ ከ30 ወደ 40። ከ30 ወደ 50 አትዝለሉ። ደግሞ ይህ ለእንደ ዲኤክስ ዓይነቱ ቀላል ሞተር እንጂ ለሁሉም አይሠራም። የእህቴ ቪትዝ ቪቪቲአይ አላት። የቫልቭ ሰዓቱን የሚያስተካክለው የዘይት ግፊት ስለሆነ፣ መንገዶቹም ጠባብ ስለሆኑ፣ ወፍራም ዘይት አይስማማትም። እሷ መመሪያው የሚለውን ነው የምታደርገው፤ ብትጠጣም ከ10ደብልዩ-40 አታልፍም።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ለኩ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄንን ነው። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሙ፤ ጠዋት ከመነሳቷ በፊት ቢሆን ይመረጣል። መለኪያውን ብረት አውጥታችሁ ጥረጉ፣ መልሳችሁ ክተቱ፣ እንደገና አውጥታችሁ አንብቡ። እስከ ላይኛው ምልክት ሙሉ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ በግማሽ ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ ዘይት ይዛችሁ እዚያው ምልክት እስክትደርሱ ጨምሩ። ከፕላስቲኩ የጎደለው መኪናችሁ የጠጣችው ነው። በብዙ መኪና ከታችኛው እስከ ላይኛው ምልክት 1 ሊትር ገደማ ይይዛል።

የእኔ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ 287,000 ላይ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ የምቆጥረው በቤንዚን ነው። በሊትር 11 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄድልኛለች። 45 ሊትር ስቀዳ 500 ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ ማለት ነው። 270 ሊትር ሲሞላ ደግሞ 3,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ ዘይት እቀይራለሁ። በኪስ ደብተር እየጻፍኩ ነው፤ ሚስቴ የዱቤ መዝገብ ትለዋለች።

የእኔዋ በ1,000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ትጠጣለች። ለእድሜዋ እቀበለዋለሁ። 1 ሊትር ካለፈ ግን ጥያቄው የዘይት ምርጫ መሆኑ ቀርቶ የሞተር ጥገና ይሆናል። ጭሱን እዩ። አድራ ስትነሳ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ብን ብሎ ከጠፋ የቫልቭ ላስቲኮቹ ደርቀዋል። ዳገት ላይ ስትረግጧት ሰማያዊ ከሆነ የፒስተን ሪንግ ነው። የዘይት ክዳኑ ሥር ቡና በወተት የመሰለ ነገር ካያችሁና ራዲያተሩም ውሃ እየጎደለበት ከሆነ፣ ዘይት ልትገዙ አትሂዱ። ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) አስፈትሹ። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ደግሞ ይሄን አስቡ፤ በጣም ወፍራም ዘይት ጭስንና ድምፅን ለጥቂት ቀን ይደብቃል። አንዳንድ ደላላ ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ቀጥሎ ጀሪካኑ ላይ ያሉት ፊደሎች። ኤፒአይ (የአሜሪካ ነዳጅ ተቋም የዘይት ደረጃ) ከሚለው አጠገብ በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ነው። ከኤስ ቀጥሎ ያለው ፊደል በገፋ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኤስኤል በ2001፣ ኤስኤን በ2010፣ ኤስፒ በ2020 የወጡ ናቸው። ኤስኤፍ ብቻ የተጻፈበት ርካሽ ዘይት ካጋጠማችሁ እለፉት፤ ደረጃው ከቀረ ቆይቷል።

እዚህ ላይ የአባቴን ሜካኒክ ማንሳት አለብኝ። ጋሼ ለአባቴ ዲኤክስ ሁልጊዜ “የናፍጣ ዘይት” ነበር የሚያደርጉላት። በልቤ እስቅባቸው ነበር። በኋላ ሳነብ ግን ትክክል ናቸው። በእነዚህ አሮጌ ሞተሮች ካምሻፍቱ ቫልቮቹን የሚገፋው ከጠፍጣፋ ብረት ጋር እየተሻሸ ነው። ያንን ቦታ ከመበላት የሚጠብቀው ዚንክና ፎስፈረስ ያለበት ቅመም ነው። ፎስፈረስ የአዳዲስ መኪኖችን የጭስ ማጣሪያ (ካታሊስት) ስለሚጎዳ በቤንዚን ዘይቶች፣ በተለይ በ20ና በ30 ቁጥሮች፣ መጠኑ ተቀንሷል። በናፍጣ ዘይት ውስጥ ይበዛል። ስለዚህ 15ደብልዩ-40 ሆኖ ሲአይ-4ና ኤስኤል ሁለቱም የተጻፉበት ዘይት ለዲኤክስ ልክ ነው። ካታሊስት ላለው መኪና ግን አልመክርም።

አሜሪካ ያላችሁ ከ75,000 ማይል በላይ ለሄደ መኪና ተብሎ የሚሸጠውን ታገኛላችሁ። የደረቁ ላስቲኮችን የሚያለሰልስ ቅመም አለው። ጠብ ጠብ የምትል ትንሽ ማፍሰስን ሊቀንስ ይችላል፤ የተቀደደ ላስቲክና የተበላ ሪንግ ግን አይመልስም። “ሲንቴቲክ አሮጌ መኪና ያፈሳል” የሚባለውም ሙሉ እውነት አይደለም። ላስቲኩን የሚቀደው እሱ አይደለም። የደረቀ ቆሻሻ የደፈነውን ቀዳዳ ጠርጎ ይገልጠዋል፤ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ይብስበታል።

ስትገዙ ከማደያ ወይም ከምታውቁት ሱቅ ይሁን። ማሸጊያውን እዩ፤ ክዳኑ ላይ ያለው ቀለበት ተነካክቶ ከሆነ መልሱ። አንድ ጊዜ ርካሽ አገኘሁ ብዬ ከመንገድ ዳር ገዝቼ፣ ገና ከጀሪካኑ ሳፈሰው የጠቆረና የተቃጠለ የሚሸት ሆኖ አገኘሁት። ተጣርቶ የታሸገ አሮጌ ዘይት ነበር። ለዲኤክስ ባለ 4 ሊትሩ ይበቃል፤ የተረፈው ለመጨመሪያ ኮፈኑ ሥር ሳይሆን ኋላ ሻንጣ ውስጥ ይቀመጥ።

ቅያሪው ቀላል ነው። ትንሽ አሙቋት፣ የታችኛውን ታፖ (የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን) ፍቱ፣ በደንብ ይንጠፍጠፍ። የታፖውን ሮንዴላ በአዲስ ቀይሩ። ፊልትሮ ሁልጊዜ አዲስ፤ ላስቲኩን ዘይት ቀቡና በእጅ ብቻ አጥብቁ። ዘይቱ ቶሎ ጠቆረ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ቆሻሻ እያጠበ ነው። ለዓመታት ያልተጠበቀ ሞተር ከሆነ ማጠቢያ ኬሚካል አታድርጉበት፤ የተነቀለው ቆሻሻ የዘይቱን መሳቢያ ወንፊት ሊደፍን ይችላል። ሁለት ሦስት ጊዜ በ2,000 ኪሎ ሜትር ቀይሩለት፣ ቀስ እያለ ይጠራል።

የተቃጠለውን ዘይት ጎረቤቴ ለአጥሩ እንጨት፣ ለምስጥ ብሎ ይወስደዋል። ጓንት እንዲያደርግ እለምነዋለሁ፤ አይሰማኝም። ባዶውን ጀሪካን ግን እንዲሁ አልሰጥም። “ቆራሌው!” የሚለው ድምፅ ከመምጣቱ በፊት ታቹን በምስማር ሦስት ቦታ እበሳዋለሁ።