የዛንዚባሩ የጀልባ ፕሮግራም አልገጥም ሲለን

አራት ኪሎ ካፌ ተቀምጠን የዛንዚባርን ደሴቶች በግል ጀልባ የምንዞርበትን ፕሮግራም ስናወጣ ቀናት ባከኑ። ችግሩ ይሄ ነው፦ የትኛውንም ሰዓት ብንልክ ካፒቴኑ በዋትስአፕ «አይሆንም» ይላል።

መጀመሪያ ነፋስ መሰለን። ዊንዲ የሚባለው የአየር ትንበያ መተግበሪያ ላይ አየን፤ ሰላም ነው። ከዚያ ቅደም ተከተሉን ገለባበጥን፤ ቻንጉ ደሴትን አስቀድመን ናኩፔንዳን አስከተልን። ያው ነው። ሌላ ጀልባም ጠየቅን፤ መልሱ አልተቀየረም።

መፍትሔው የታይድ ሰንጠረዥ፣ ማለትም ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት የሚያሳየው ሰንጠረዥ ነበር። ጣናን ለምዶ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ ነው፤ እዚያ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ናኩፔንዳ ደግሞ አሸዋ ብቻ ነው፤ ባሕሩ ሲሞላ ይሰወራል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ስለሚገፋ የማክሰኞ ፕሮግራም ለዓርብ አይሆንም።

ስለዚህ ባሕሩ የሚጎድልበትን ሰዓት አስቀድመን ያዝን። ናኩፔንዳን እዚያ ላይ አስቀምጠን ሌላውን ከፊትና ከኋላው ደረደርን። ሰንጠረዡ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ 6 ቀንሱለት። 10:00 ካለ ጠዋት 4 ሰዓት ነው። ደግነቱ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደኛ ከንጋት ነው የሚቆጥሩት፤ የሰዓት ክልላችንም አንድ ነው። ለካፒቴኑ «ጠዋት 4 ሰዓት ናኩፔንዳ» ብለን ላክን። ወዲያው እሺ አለ። ቀብዱንም የላክነው ያኔ ነው።