የበዓል መልዕክት ለማን እንዴት ይጻፋል?

በበዓል ዋዜማ ሻማና አበባ ያለበት አንድ ምስል ከቴሌግራም አንስታችሁ ለአክስትም ለአለቃም ለጎረቤትም አትላኩ። ሰው ፎርዋርድ መሆኑን ያያል። ሁለት መስመር ብትሆንም ለሰውየው ተብላ የተጻፈች ትበልጣለች፣ እኔ እንደዚያ ነው የማምነው።

መጀመሪያ አጠራሩን አስተካክሉ። «አደረሳችሁ» ለቤተሰብ፣ ለግሩፕ፣ ለመሥሪያ ቤት ነው። ለጓደኛ «አደረሰህ»፣ «አደረሰሽ»፤ ለታላቅ «አደረሰዎ»። ከዚያ ሰውየውን ፊት ለፊት በምትጠሩበት ጥሩት፦ ጋሼ፣ እትዬ፣ እማማ፣ ሐጂ፣ ኡስታዝ። በአካል «እትዬ» የምትሏቸውን ሴት በጽሑፍ «ወይዘሮ» ካላችኋቸው ያኮረፋችሁ ይመስላቸዋል።

ጅማ ላይ ደግሞ በዓሉ የማን ነው የሚለው ወሳኝ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ሙስሊም፣ ኦርቶዶክስና ፕሮቴስታንት በር ለበር እንኖራለን፣ ብዙዎቻችን ዘመድም ነን፣ ስለዚህ የሌላውን በዓል አለማወቅ እዚህ ሰበብ አይሆንም።

ለኢድ አልፈጥር አትቸኩሉ። ረመዳን 29 ወይም 30 ቀን ነው፣ የሚለየው በጨረቃ ነው፤ ሳይታወጅ «ኢድ ሙባረክ» ብላችሁ ሰው በማግስቱ ጾሞ ቢውል ደስ አይልም። አረፋ ቀኑ ቀደም ብሎ ስለሚታወቅ ይቀላል። ለታላቅ እንዲህ ብትጽፉ ያምራል፦ «ሐጂ፣ እንኳን ለኢድ በሰላም አደረሰዎ። ጾምዎን አላህ ይቀበልዎ። ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ።» በኦሮምኛ ለሚያወሯችሁ ጎረቤት ደግሞ «በገ ነጋን ጌሰን» በሉ፣ ቋንቋው ባይዋጣላችሁም ይቺን አትፍሯት።

ለኦርቶዶክስ ታላላቆች የተለመደው አባባል አለ፤ ለገና «ለብርሃነ ልደቱ»፣ ለጥምቀት «ለብርሃነ ጥምቀቱ»፣ ለፋሲካ «ለብርሃነ ትንሣኤው»። በስቅለት ዓርብ የደስታ መልዕክት አይላክም። ሰዉ ስግደት ላይ ነው። እስከ እሑድ ጠብቁ። ካርድ ላይ ቀን የምታትሙ ከሆነ ደግሞ ገና ሁልጊዜ ታኅሣሥ 29 እንዳልሆነ አስታውሱ፣ በዘመነ ዮሐንስ 28 ነው የሚውለው። ፕሮቴስታንት ጓደኞቻችሁ ገናንና ፋሲካን ያከብራሉ፣ ግን የታቦት ወይም የደመራ ምስል አትላኩላቸው፤ «እንኳን ለጌታችን ልደት አደረሰህ» ይበቃል። እንቁጣጣሽ ለሁሉም ይሄዳል። የዘመን መለወጫ ስለሆነ «እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ» ብትሉ ማንም ቅር አይለውም።

ለአለቃ አጭር ይሁን፣ ሥራም ጉዳይም አታስገቡበት። እዚህ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ወይም መርካቶ ሱቅ ያላችሁ ደንበኞቻችሁን እንኳን አደረሳችሁ ስትሉ ከሥሩ «ቅናሽ አለን» አትጻፉ፣ ማስታወቂያውን በሌላ ቀን ላኩት።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ሐዘን የገባበት ቤት ነው። ሰው ከሞተባቸው በኋላ የመጀመሪያው በዓል ከባድ ነው፣ ባዶው ወንበር የሚታየው ያን ቀን ነው፣ እና እናት የተቀበረችበት ቤት «በዓሉ የደስታና የፍሽክታ ይሁንላችሁ» የሚል ከርችት ምስል ጋር ሲገባ ምን እንደሚሰማ አስቡት። ዝምታም መፍትሔ አይደለም። ሟቹን በስማቸው አንሱ። «እትዬ፣ ዛሬ ጋሼን እያሰብን ነው። እግዚአብሔር ያጽናዎ። ከሰዓት ቡና እንጠጣለን፣ እመጣለሁ።» ለሙስሊም ቤተሰብ «አላህ ይዘንላቸው፣ ሶብሩን ይስጣችሁ» በሉ። እመጣለሁ ካላችሁ ደግሞ ሂዱ፤ ቤቱ ቆጪም ይሁን ጅሬን ባጃጅ አይጠፋም።

ማንበብ ለማይችሉ ወይም ዓይናቸው ለደከመ ጽሑፍ አትላኩ፣ ደውሉ። ካልሆነ ድምፅ ቅዱላቸው፣ የልጅ ልጆች ያሰሟቸዋል።

መልስ ስትሰጡ «እንኳን አብሮ አደረሰን» በሉና አንድ ነገር ጨምሩ፣ የልጁን ፈተና ወይም የእናቱን ጤና ጠይቁ። ቀኑ ካለፈባችሁም አትተዉት። ፋሲካ እስከ ዳግማ ትንሣኤ ድረስ በዓሉ አላለቀም፤ ለሌላውም «ዘግይቻለሁ፣ እንኳን አደረሰህ፣ በዓሉ እንዴት ነበር?» ብላችሁ ላኩ።