ፍሎክ አልይዝ ሲል፣ አሉም ከመጨመራችሁ በፊት

ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲደፈርስ፣ ፍሎኩም (አሉም የሚባለው ኬሚካል ድፍርሱን አያይዞ የሚሠራው ጓል) አልይዝ ሲል፣ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያው ውስጥ የሚሰማው አንድ ነገር ነው፦ «አሉሙን ጨምርበት!» እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ግን አልካሊኒቲውን፣ ማለትም ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙን ነው።

አንድ ሚሊግራም አሉም ግማሽ ሚሊግራም ያህል አልካሊኒቲ ይበላል። ዝናብ ደግሞ የወንዙን አልካሊኒቲ ያወርደዋል። ጥሬው ውሃ በሊትር 35 ሚሊግራም ካለውና 60 ሚሊግራም አሉም ከሰጣችሁት፣ 30ው እዚያው አለቀ። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ይወርዳል፣ ፍሎኩ ብናኝ ሆኖ ይቀራል፣ የሟሟው አሉሚኒየምም ማጣሪያውን አልፎ ይሄዳል። እዚህ ላይ አሉም መጨመር ነገሩን ማባባስ ነው። የሚያስፈልገው ኖራ ነው፤ ከአሉሙ ጋር አንድ ቦታ ሳይሆን ቀደም ብሎ ይግባ። ፒኤቹን ከ6 እስከ 7.5 ባለው መካከል ያዙት።

መጠኑን በግምት አትወስኑ፤ ጃር ቴስት (በትንንሽ ዕቃ የሚደረግ የመጠን ሙከራ) ሥሩ። 10 ግራም አሉም በ1 ሊትር ውሃ በጥብጡ። ከዚህ 1 ሚሊሊትር ወስዳችሁ 1 ሊትር ጥሬ ውሃ ውስጥ ስትጨምሩ፣ በሊትር 10 ሚሊግራም ሰጣችሁ ማለት ነው። በየቤከሩ (በየመሞከሪያ ብርጭቆው) መጠኑን እያሳደጋችሁ ሂዱ። አንድ ደቂቃ በደቂቃ 100 ዙር፣ ከዚያ 20 ደቂቃ በደቂቃ 30 ዙር አማስሉ፤ ግማሽ ሰዓት ይዝቀጥ። ከላይ ያለውን ውሃ ድፍርስነቱን ለኩ፣ ፒኤቹንም አብራችሁ። ብዙ ሰው ፒኤቹን ይዘለዋል፤ ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ብጥብጡን በየቀኑ አዲስ አዘጋጁ፣ የትናንቱ ያሳስታል።

ጃሩ ላይ አምሮ ገንዳው ላይ እንቢ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አቀላቀሉ ነው። ብዙ ጊዜ የአሉም መስጫው ፓይፕ ቀዳዳዎች ተደፍነው አሉሙ በአንድ ጎን ብቻ ሲፈስ ታገኙታላችሁ። በሽቦ ጠርጉት። አሉሙ መግባት ያለበት ውሃው በጣም በሚናወጥበት ቦታ ላይ ነው፣ በሰከንዶች ውስጥ መዳረስ አለበት። ከዚያ በኋላ ግን ቀስ፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ ይበልጥ ቀስ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ከዘገምተኛው መቀላቀያ መውጫና ከማዝቀጫው ገንዳ መግቢያ በቤከር ቅዱ። ሳታናውጡ ብርሃን ላይ አስተያዩ። የመጀመሪያው ላይ ትልልቅ ፍሎክ፣ ሁለተኛው ላይ ብናኝ ካለ መንገድ ላይ እየተሰበረ ነው። ከፍ ካለ ቦታ የሚወድቅ ውሃ ወይም ጠባብ ቀዳዳ ፈልጉ። አንዴ የተሰበረ የአሉም ፍሎክ እንደ በፊቱ ሆኖ አይያያዝም፣ ስለዚህ መውደቂያውን ዝቅ አድርጉ፣ ቀዳዳውን አስፉት።