ኦርጋኒክና ባዮዳይናሚክ ወይንን ከእርሻው ላይ እንዴት መማር ይቻላል? ከሰሜን ሸዋ ለሚነሳ ቀማሽ

የሰሜን ሸዋ ሰው መጠጥ ባለመለየት አይታማም። የደብረ ብርሃን አረቄ ስሙ ከአገር አገር የታወቀ ነው፤ ጠላ ቀምሳ «ጌሾው በዝቷል» ወይም «ብቅሉ አንሷል» የምትል እናትም በየሰፈሩ አለች። ይህ ችሎታ ለወይን ጠጅም ያገለግላል። ኦርጋኒክና ባዮዳይናሚክ የሚባሉትን ወይኖች ለማወቅ ግን ምላስ ብቻውን አይበቃም። ኦርጋኒክ የሚባለው ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ያለ ፀረ አረም የለማ ነው፤ ባዮዳይናሚክ ደግሞ በዚያ ላይ የራሱን ልዩ ሥርዓት ይጨምራል። ሁለቱም ስሞች የሚናገሩት ወይኑ ስለበቀለበት አፈርና ስለተጠመቀበት መንገድ ነው። ኦርጋኒክ ሆኖ ጣዕሙ የማይረባ ወይን አለ፤ ኦርጋኒክ ሳይሆን እጅግ የሚጣፍጥም አለ። ስለዚህ ብርጭቆ ከማንሳት በፊት እርሻው ውስጥ ገብቶ መጠየቅ ይቀድማል።

1. ቀጠሮ ይያዙ

ከአገራችን የወይን እርሻዎች በስፋት የሚታወቀው በባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ያለው ነው። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ እዚያ ካለማው ወይን የጠመቀውን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2014 ነበር። ቦታው ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ያለው 130 ኪሎ ሜትር ሲጨመርበት አድሮ መመለስ ይሻላል። የትኛውንም እርሻ ቢመርጡ አስቀድመው ደውለው ጎብኚ ይቀበሉ እንደሆነ፣ አመራረታቸውም ምን ዓይነት እንደሆነ ይጠይቁ። ኦርጋኒክ ባይሆኑም ጉብኝቱ አይባክንም፤ የተለመደውን አሠራር ያላየ ሰው ልዩነቱን ሊረዳ አይችልም። በዕለቱ ሽቶ አይቀቡ፣ ከቅምሻው በፊትም ቡና አይጠጡ። መኪና የሚነዳው ሰው አይቀምስ።

2. መጀመሪያ መሬቱን ይዩ

በወይኑ ረድፎች መካከል ምን እንደበቀለ ይመልከቱ። ከግንዱ ሥር ሣሩ ቢጫ ሆኖ በቀጥታ መስመር ደርቆ ከሆነ ፀረ አረም መረጨቱን ያሳያል፤ በኦርጋኒክ እርሻ ይህ አይፈቀድም። በምትኩ አረሙ ይታጨዳል ወይም ይኮተኮታል፣ በረድፎቹ መካከልም ባቄላና ሌሎች ጥራጥሬዎች ይዘራሉ። ገብሱን ከባቄላ እያፈራረቀ ለሚዘራ የመንዝ ገበሬ ምክንያቱን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ባቄላ ለአፈር ናይትሮጅን ይመልሳል። ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ በማይገባበት እርሻ ደግሞ ይህ ትልቅ ስንቅ ነው።

ቀጥሎ «ምን ትረጫላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። «ምንም» የሚል መልስ ከመጣ ደግመው ይጠይቁ። ወይን በፈንገስ በቀላሉ ይጠቃል፤ ኦርጋኒክ አምራቾችም ድኝና የመዳብ ውህድ ይረጫሉ፣ ተፈቅዶላቸዋል። ብዙ ሰው «ኦርጋኒክ» ሲባል «ያልተረጨ» ማለት ይመስለዋል፤ ትክክል አይደለም። መዳብ በአፈር ውስጥ ስለሚጠራቀም የአውሮፓ ኅብረት በ7 ዓመት ውስጥ ለአንድ ሄክታር ከ28 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ገድቧል። በሸዋ ሮቢት መስኖ ላይ ሽንኩርት የሚያለማ፣ የመርጫ ታንክ ተሸክሞ የሚውል ሰው ይህን ጥያቄ ከማንም በተሻለ ሊጠይቅ ይችላል፦ ስንት ጊዜ? መጠኑ ስንት? ከመልቀሙ ስንት ቀን በፊት? ቅን አምራች መዝገቡን አውጥቶ ያሳያል።

3. ባዮዳይናሚክ ከሆነ ስለ ቀንዱ ይጠይቁ

የባዮዳይናሚክ እርሻ ሐሳብ የመነጨው ኦስትሪያዊው ሩዶልፍ ሽታይነር እ.ኤ.አ. በ1924 ለገበሬዎች ከሰጣቸው ተከታታይ ትምህርቶች ነው። መሠረቱ ኦርጋኒክ ነው፤ በላዩ ላይ ግን እርሻው ከብቱን፣ መኖውንና ኮምፖስቱን ከራሱ እንዲያገኝ ይፈልጋል፣ የጨረቃንም አቆጣጠር ይከተላል። ዴሜተር የሚለው የምስክር ምልክት የዚህ አሠራር ነው።

በዚህ አሠራር መሬቱ ላይ የሚረጩ ልዩ ዝግጅቶች አሉ፤ በጣም የሚታወቀው እንዲህ ይሠራል። የላም ቀንድ ውስጥ ትኩስ እበት ይጠቀጠቅና ክረምቱን በሙሉ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ይቆያል። ሲወጣ እበቱ ጠቁሮ፣ ሽታው ጠፍቶ እንደ ጫካ አፈር ይሆናል። ከዚያ ጥቂቱ በውኃ ተበጥብጦ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እየተሽከረከረ አንድ ሰዓት ከተማሰለ በኋላ መሬቱ ላይ ይረጫል። እዚህ ላይ ክረምት የተባለው የአውሮፓ ብርዳማ ወራት ነው። በአገራችን ወይን በብርድ ስለማያንቀላፋ የሚለቀምበትን ጊዜ የሚወስነው ግንዱ የተገረዘበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ባዮዳይናሚክ ነኝ የሚል የአገር ውስጥ አምራች ቢያገኙ ቀንዱን መቼ እንደሚቀብር ይጠይቁት።

የቀንዱ ዝግጅት በራሱ ወይኑን እንደሚያሻሽል የሚያሳይ ጠንካራ ሳይንሳዊ ማስረጃ የለም። ነገር ግን ይህን ሁሉ የሚያደርግ ገበሬ መሬቱን በየቀኑ የሚያይ ገበሬ ነው፤ እኔ ለዚህ ትጋት ትልቅ ክብር አለኝ።

4. በመጥመቂያው ቤት ሦስት ነገር ይጠይቁ

አንደኛው እርሾ ነው፦ ከፍሬው ልጣጭና ከቤቱ የመጣ ነው ወይስ የተገዛ? ሁለተኛው ሰልፋይት ነው። ወይኑ እንዳይበላሽ የሚጨመር ሲሆን በአውሮፓ ሕግ ጣፋጭ ያልሆነ (ደረቅ የሚባለው) ቀይ ወይን በሊትር እስከ 150 ሚሊ ግራም፣ ኦርጋኒኩ ደግሞ እስከ 100 ይፈቀድለታል። በአሜሪካ ግን «ኦርጋኒክ ወይን» ለመባል ፈጽሞ መጨመር የለበትም። እርሾው ራሱ ጥቂት ስለሚያመነጭ ጨርሶ ሰልፋይት የሌለበት ወይን ማግኘት ያስቸግራል።

ሦስተኛው ማጥሪያው ነው፤ ለእኛ አገር ቀማሽ ይህ ሊዘነጋ አይገባም። ወይን እንዲጠራ የእንቁላል ነጭ፣ የወተት ፕሮቲን ወይም ከዓሣ የሚወጣ ሙጫ ሊጨመርበት ይችላል፤ ኦርጋኒክ መሆኑም ይህን አይከለክልም። አብዛኛው ከአተላው ጋር ቢወገድም፣ በጾም ቀን ወይን የሚቀርብለት ሰው በሸክላ አፈር የተጣራ ወይም ጨርሶ ያልተጣራ እንዳለ ቢጠይቅ መብቱ ነው።

5. አሁን ይቅመሱ

ከነጭ ወደ ቀይ፣ ከደረቁ ወደ ጣፋጩ ይሂዱ። ቢቻል አንድ ዓይነት ፍሬ በሁለት አሠራር የተጠመቀውን ጎን ለጎን ያስቀዱ። ትንሽ ደፍረስ ማለት ጉድለት አይደለም፤ ያልተጣራ ሊሆን ይችላል። የሆምጣጤ ሽታ ግን ጉድለት ነው፣ «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ነው» ቢባሉም አይቀበሉ። የተጫረ ክብሪት የሚሸት ከሆነ ብርጭቆውን እያዞሩ ጥቂት ይቆዩ፤ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። በመካከል ውኃ ይጎንጩ፣ ዳቦ ይቁረሱ። በተዘጋጀው ዕቃ ውስጥ መትፋት በወይን ቅምሻ ነውር አይደለም፤ አስተናጋጁም አይቀየምም።

6. ሲገዙ

በጠርሙሱ ላይ የምስክር ምልክቱንና የሰጠውን ድርጅት ይፈልጉ፤ የአረንጓዴ ቅጠል ሥዕል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከኦርጋኒክ ፍሬ የተሠራ መሆንና ወይኑ ራሱ ኦርጋኒክ መባሉም ይለያያሉ። ሰልፋይቱ አነስተኛ የሆነ ወይን ሙቀት ያበላሸዋል። ደብረ ብርሃን ወይም አንኮበር ከሆኑ ፀሐይ የማያየው ጓዳ ይበቃዋል፤ ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ከሆኑ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያኑሩት፣ ከከፈቱት በኋላም በሁለት ቀን ውስጥ ይጨርሱት።